ሞተሩ ግን አልበደለኝም

አውራ ዶሮው ከመታረዱ በፊት መድረስ ነበረብኝ። ጎኗ ላይ መቀመጫ የተገጠመላት ሞተር ሳይክል ውስጥ ከአባቴ ጋር ተጣብቄ፣ የእጅ መሰርሰሪያና ክንድ ተኩል የሚሆን የብረት ዘንግ ጉልበቴ ላይ አጋድሜ፣ ከሳሪያያ ገበያ ወደ ትልቁ ቤት እንከንፋለን። ባለሞተሩ ዘንጉን በጎን አየት አድርጎ፣ «ፓሲታ፣ ማንን ልትወጊ ነው?» አለኝ።

«ካልፈጠንክ አንተን።»

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ዘንጉን አጥብቄ ያዝኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴን አገሩ ሁሉ ማንግ ኩላስ ይለዋል፤ «ማንግ» እንደ «ጋሼ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሞተር አውርዶ፣ በታትኖ፣ እንደ አዲስ ሠርቶ በመግጠም በአካባቢያችን የሚስተካከለው የለም። ዛሬ ጆሮው ስለደከመ የሞተር ድምፅ የሚያዳምጠው የዘንጉን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፎ ሌላውን በጥርሱ ነክሶ ነው። እጁም ስለሚንቀጠቀጥ ብሎኑን የማጠብቀው እኔ ነኝ። ጥፍሬ ሥር ያለውን ጥቁር ዘይት ሳሙና ታግሎ ታግሎ ትቶታል።

ሊያንድሮ ደግሞ የትልቁ ቤት ልጅ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ኮኮናት ሁሉ የእነሱ ነው። አባቱ ዶን ሂላሪዮን ሲሞቱ ተበላሽቶ የቆመ ጥቁር መኪና ትተው ሄዱ፤ ልጁም «የአባቴን መኪና ድምፅ እንደገና መስማት እፈልጋለሁ» ብሎ ወደ ጋራዣችን መጣ። በእኛ አገር ሴት ልጅ የወደደ ወንድ ለልጅቷ አባት ያገለግላል፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል። ሊያንድሮ አምስት ሳምንት ሙሉ ብሎን በናፍጣ አጠበ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብሎ! አባቴ ሲያየው ሰንብቶ አንድ ቀን፣ «ይህ ልጅ ያጠበውን ብሎን መልሶ ያየዋል፤ መጥፎ አይደለም» አለኝ። ከአባቴ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ሞተሩን መኪናው ላይ በገጠምንበት ቀን ሊያንድሮ ሞተሩን ስለማስነሳትና እኔን ስለማግባት አክስቱን ዶኛ ኡርሱላን አነጋገራቸው። ወንድማቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም እኔ እየሰማሁ፣ እንዲያውም እንድሰማ ብለው፣ መለሱለት።

«ሐዘን ቤት ውስጥ ሞተር አይጮህም። ዓመቱ ሳይሞላ ማንም ቁልፉን አይነካም። የሰርግ ወሬም እንዲሁ። ዓመቱ ቢሞላም፣ እኔ ኡርሱላ የኩላስን የቀርከሃ ደረጃ አልወጣም። ጉልበቴም ስሜም አይፈቅድልኝም።»

እኛ ዘንድ ደረጃ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ሴት ልጅ የምትጠየቀው የወንዱ ሽማግሌዎች የቤቷን ደረጃ ወጥተው ሲቀመጡ ነው። ደረጃዋ ካልተወጣ አልተጠየቀችም፤ አለቀ። ሊያንድሮን አየሁት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የጠበቅሁት፤ አክስቱን «ቲያ፣ ተይ» እንኳ ቢላቸው ይበቃኝ ነበር። እሱ ጫማውን ያያል። ያ ጫማ ምን እንደነበረው እስከ ዛሬ አላውቅም! መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ማኒላ ለሥራ ሄደ። ሦስት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኪራይ ክፍሉ፣ ስለ ናፍቆቱ። ስለዚያ ዝምታ ግን አንዲት መስመር የለችም። አንብቤ፣ አልቅሼ፣ በክር አስሬ አስቀመጥኳቸው፤ መልስ አልሰጠሁም።

የቀረው የሞተሩ ጉዳይ ነው። አዲስ የተሠራ ሞተር ሲገጣጠም ውስጡ በዘይት ይቀባል። ሰባት ወር ሳይነሳ ከቆመ ግን ያ ዘይት ተንጠፍጥፎ ታች የዘይት ማጠራቀሚያው ኮፓ ውስጥ ይወርዳል፤ ብረቶቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። በዚያ ሁኔታ ቁልፍ ከተዞረ፣ ዘይቱ እስኪወጣ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ብረት ብረትን ይበላዋል። አባቴ «ሞተር የሚሞተው ሲያረጅ አይደለም፤ በተወለደባት ደቂቃ ነው» ይላል። ስለዚህ ከማስነሳት በፊት የዘይቱን ፓምፕ በእጅ እያዞሩ ዘይቱን በሞተሩ ገላ ሁሉ ማዳረስ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለመጨረሻው ቀን አቆይተነው ነበር፤ ያ ቀን ደግሞ ዓመት እስኪሞላ ተከለከለ።

ሊያንድሮ ለዓመቱ ጸሎት እንደሚመጣ፣ ሐዘኑ በሚወርድበት ጠዋት ሞተሩ ተባርኮ እንደሚነሳ ስሰማ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ በሰማያዊ ፖስታ ደብዳቤ ወደ ትልቁ ቤት ላክሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ መልስ የለም። ዝምታውን ለምጄዋለሁና ሌላ መካኒክ ጠርቷል ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ላይ የትልቁ ቤት ወጥ ሠሪ አሊንግ ቤባንግ ቀይ አውራ ዶሮ አንጠልጥላ አገኘችኝ። ዓይኗን አፍጥጣ፣ «አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ድንጋይ ነው እንዴ? ከመጣ ጀምሮ በየቀኑ ‹ደብዳቤ የለም?› እያለ ይነዘንዘኛል» አለችኝ።

«እኔማ ጽፌያለሁ!»

«ለማን?»

«ለእሱ ነዋ! ስለ ዘይቱ!»

አፏን በመዳፏ ያዘች። «ሰማያዊ ፖስታ? ወይ ጉዴ! ዶኛ ኡርሱላ ከእጄ ነጥቀው ‹በሐዘን ቤት የፍቅር ደብዳቤ!› ብለው ጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱታ!»

«ሞተሩንስ ማን አየው? መካኒክ ጠርተዋል?»

«ምን መካኒክ? ማንግ ኩላስ የሠራውን! ከቅዳሴ መልስ አባ ሴቬሪኖ ጸበል ይረጫሉ፣ ይሄ ዶሮ እንደ ልማዱ ጎማው ላይ ደሙን ይሰጣል፣ ሊያንድሮ ቁልፉን ያዞራል።»

ያ ሞተር የአባቴ የመጨረሻው ሥራ ነው። ዛሬ በእሱ እጅ ቢሰበር «ኩላስ የሠራው ሞተር አንድ ቀን አላደረም» ይባላል፤ የሊያንድሮም የአባቱ መታሰቢያ በገዛ እጁ ይሞታል። በእኛ መካከል የቀረችው ቀጭን ክርም ያን ጊዜ ትበጠሳለች።

«አሊንግ ቤባንግ፣ በእመቤታችን፣ ዶሮውን አዘግዪልኝ!»

«ዶሮ እንዴት ነው የሚዘገየው?» እያለች ሄደች። እኔም ገበያው ዳር ካለው ጋራዣችን አባቴንና መሣሪያውን ይዤ ባለሞተሩን ጠራሁ።

ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዓመት ሙሉ ጥቁር የለበሱት ሴቶች ዛሬ ነጭና አበባማ ቀሚስ ለብሰዋል። ጥቁሩ መኪና ማንጎው ሥር ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። አባ ሴቬሪኖ ጸበላቸውን ይዘው፣ አሊንግ ቤባንግ ዶሮውን ቁልቁል ዘቅዝቃ «ቢላው፣ ቢላው የት ገባ?» እያለች ትዞራለች። ቢላው መቀነቷ ውስጥ ነበር። ቤባንግዬ፣ ይህን ውለታሽን የልጅ ልጆቼ ይክፈሉሽ!

ሊያንድሮ መሪው ላይ ተቀምጧል። እጁ ቁልፉ ላይ ነው።

«እንዳታዞረው!» ብዬ ጮህኩ። ዘንጌን ይዤ ስሮጥ ሰዉ በርግጎ መንገድ ለቀቀልኝ። «ሊያንድሮ፣ እንዳታዞረው! ደረቅ ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ሰባት ወር ያላየሁት ፊት! ከስቷል፤ ግንባሩ ላይ አዲስ መስመር ወጥቷል። ልቤ እዚያው ደረቴ ውስጥ ተንበረከከ።

ዶኛ ኡርሱላ ጸሎት መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መሐላችን ገቡ። «ማን ጠራሽ? ከቅዱሱ ውሃ በፊት ብረት ይዘሽ ነው የምትመጪው? ሊያንድሮ፣ አትስማት፤ አባ ሰዓታቸው ነው። አዙር!»

እኔ የማየው ዓይኑን ነበር። እንደገና ወደ ጫማው ቢያይ መሣሪያዬን እዚያው ጥዬ፣ አባቴን ይዤ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ላልመለስ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

አላየም። ቁልፉን ነቀለው። በሩን ከፍቶ ወረደና ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው።

«ቲያ፣ ፓሲታ አይነሳም ካለች አይነሳም።»

«ምን አልክ?»

«ስለ ሞተር ብዙ አላውቅም። እሷን ግን አውቃታለሁ። ያን ቀን መናገር የነበረብኝ ይሄንኑ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ አልፈራም።»

ቁልፉ ከእጁ ሙቀት ይዞ ነበር። ጨበጥኩት።

ዶኛ ኡርሱላ ግን በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። ፊታቸው ቀልቶ ከጸሎት መጽሐፋቸው መሐል ሰማያዊውን ፖስታ መዘዙት። «እንግዲያው ሁሉም ይወቃት! አባም ይስሙ! ለሐዘንተኛ ቤት ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደምትልክ!»

«ደብዳቤ ነበረ?» አለ ሊያንድሮ፤ ድምፁ ተሰበረ።

እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ፖስታውን ቀደው፣ እንደ ወንጌል ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«‹ለሊያንድሮ። ይህ ደብዳቤ ስለ ሞተሩ ብቻ ነው። ሰባት ወር ስለቆመ ደርቋል፤ እንዳታስነሳው። መጀመሪያ የእሳት ማከፋፈያው፣ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ያለበትን ቦታ በሚስማር ጭረህ ምልክት አድርግ። ከዚያ አውጣውና በቀዳዳው ረጅም ዘንግ አስገብተህ ፓምፑን በእጅ መሰርሰሪያ አዙር...›»

ቆም አሉ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ከጀርባው ሌላ ነገር እንዳለ ፈለጉ። ከሰዉ መሐል አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ይቀጥሉ፣ ዶኛ» አሉ አባ ሴቬሪኖ፣ ከንፈራቸው ዳር ፈገግታ ይዘው። «ትምህርት ነው።»

«‹...የግፊቱ መርፌ ካልተነሳች አትቁም። ክንድህ ቢደክምም አትቁም። የላይኛውን ክዳን ከፍተህ ዘይቱ ሁሉም ጋ መድረሱን በዓይንህ እይ። ከዚያ ወዲያ ደሙንም ጸበሉንም እንደፈለጋችሁ። ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። መልስ ያልሰጠሁህ...›»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። ማንበብ ግን አልተዉም።

«‹...መልስ ያልሰጠሁህ ጠልቼህ አይደለም። አክስትህ ሲናገሩኝ ጫማህን ስታይ ስለዋልክ ነው። በአንተ አዝኛለሁ። ሞተሩ ግን አልበደለኝም፤ እሱ እንዳይጎዳ። ፓሲታ።›»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሊያንድሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው ዓይኑ ረጥቦ ነበር። «መሰርሰሪያውን ስጪኝ» አለኝ። «ያልሽውን ሁሉ አደርጋለሁ። ብቻ አጠገቤ ቁሚ።»

ዲስትሪቢዩተሩን ምልክት አድርጌ አወጣሁ፤ ዘንጉን በቀዳዳው ሰደድኩና ታች የፓምፑን ቦይ እስኪነክስ አሽከረከርኩት። የላይኛውን ክዳን ፈታሁ። አባቴ ራሱን ኮፈኑ ሥር ቀብሮ እያንዳንዷን ብሎን በዓይኑ ይቆጥራል።

«ከመሪው ፊት ያለውን የግፊት ጌጅ የሚያይ ሰው ያስፈልገናል» አልኩ።

«እኔ አያለሁ!» አሉ ዶኛ ኡርሱላ። «እኔን አታታልሉኝም።» ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ማንም ሳይረዳቸው፣ የሟች ወንድማቸው መቀመጫ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው መርፌዋ ላይ አፈጠጡ።

ሊያንድሮ ማዞር ጀመረ። መጀመሪያ በባዶ ነው የሚዞረው፤ ቀላል፣ እንደ ተበጠሰ ነገር።

«ምንም የለም!» አሉ ዶኛ ከውስጥ።

«ቀጥል» አልኩት።

«ምንም!»

ላቡ አገጩ ላይ ተንጠባጠበ። ክንዱ ሲዝል ተቀበልኩት፤ የእኔ ሲዝል እሱ ተቀበለኝ፤ ኋላ መቀባበሉ ቀረና አራት እጅ አንድ እጀታ ላይ ሆነ። ኮፈኑ ከሰው ዓይን ጋርዶናል።

«ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አባቴ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር፤ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ብናገር እሷንም የማጣ መሰለኝ።» መሰርሰሪያውን ሳያቆም አየኝ። «ከዚያ አንቺን አጣሁ። ማኒላ ውስጥ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ፓሲታ። ስለ ዝናብ የምጽፈው ሌላውን መጻፍ ስለሚያሳፍረኝ ነበር።»

«የማትረባ» አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

«ምንም!» አሉ ዶኛ ኡርሱላ። ድምፃቸው ውስጥ ግን ስድብ አልነበረም፤ ጭንቀት ገብቶበታል። «ኩላስ፣ ምነው አይመጣም? ሞቷል እንዴ?»

አባቴ አልሰማም። ያን ጊዜ ነው እጀታው እጃችን ውስጥ የከበደው። ከታች አንዳች ነገር እምቢ ማለት ጀመረ። ሊያንድሮ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ያዘ?»

«ያዘ! ግፋ!»

«ተነሳች!» የሚል ጩኸት ከመኪናው ውስጥ ወጣ። «ተነሳች! ኢየሱስ ማርያም ዮሴፍ፣ ተነሳች! እየወጣች ነው! ሂላሪዮን፣ ወንድሜ፣ ተነሳች!»

ክዳኑ በተፈታበት ቦታ ዘይቱ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በጎረቤቱ፣ ወርቃማ ንጹሕ ዘይት። ጥጉ ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ደረቅ ናቸው። አባቴ ጣቱን አነሳ፤ ሞተሩን በእጄ ሩብ ዙር አዞርኩለት፤ ሊያንድሮ እንደገና መሰርሰሪያውን አሽከረከረ። የመጨረሻዋ ስትረጥብ አባቴ ጣቱን ነክሮ፣ ዘይቱን በአውራ ጣቱ አሻሽቶ፣ ራሱን ነቀነቀ። አገር ሁሉ ያጨበጨበ መሰለኝ።

ሁሉን መልሼ ገጠምኩ። ጸበሉ ተረጨ። አውራ ዶሮው፣ ነፍሱን ይማር፣ ደሙን ጎማው ላይ ሰጠ፤ ሥጋውም በዝንጅብል ተቀቅሎ ለምሳ ቀረበ። የአገር ልማድ ነው፤ ለፍቅር ተብሎ አይቀርም። ቁልፉን ለሊያንድሮ ሰጠሁት። እሱ ግን አክስቱ ከመቀመጫው አለመውረዳቸውን አይቶ በመስኮቱ እጁን አስገባና፣ «ቲያ፣ አንቺ አዙሪው» አላቸው።

አዞሩት። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ከዚያ ተነሳ። ያልተቆራረጠ፣ ለስላሳ፣ ወፍራም ድምፅ። አባቴ የዘንጉን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፎ ሌላውን በጥርሱ ነከሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ፤ እኔም ያን ፈገግታ ሳይ ቆሜ መቆየት አቃተኝና ሊያንድሮ ትከሻ ላይ ተደገፍኩ። ዶኛ ኡርሱላ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ። «ይሄው ነው» ይላሉ፤ «ወንድሜ ሲገባ በየማታው በር ላይ ይሰማኝ የነበረው ድምፅ ይሄው ነው።»

ከምሳ በኋላ የኮኮናት አረቄያችን ላምባኖግ በአንድ ብርጭቆ ሲዞር፣ ተራው ዶኛ ኡርሱላ ጋ ደረሰ። ጨለጡት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። ሃያ ዓመት «ኩላስ» ብለው «አንተ» ሲሉት የኖሩ ሴት ናቸው።

«ማንግ ኩላስ፣ የቤትዎ ደረጃ ስንት ነው?»

አባቴ ግን መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «እ?» አለ።

«የቤትዎ ደረጃ! ስንት ነው?»

«ምን ስንት ነው?»

ዶኛ ብድግ አሉ። ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ በቅዳሴ ድምፃቸው ጮኹ፤ «የቤትዎን ደረጃ ነው ያልኩት! እሑድ ልወጣው ነው! ጉልበቴ ያመኛል፤ ስንት እንደሆነ ልወቅ!»

«አሃ!» አለ አባቴ። «ሰባት ናት፣ ዶኛ። እስከ እሑድ መደገፊያ እሠራላታለሁ።»

ወደ ቤት የመለሰን ጥቁሩ መኪና ነው፤ ሊያንድሮ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ፣ አባቴ ከኋላ እንደ ሹም ተንፈላሶ። ግራና ቀኝ ኮኮናቱ ያልፋል። ሰባት ወር የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ መውረዱን ያወቅሁት ዘፈን ማንጎራጎሬን ስሰማ ነው።

«ማንግ ኩላስ» አለ ሊያንድሮ በመስታወቱ እያየው፣ ጮክ ብሎ፣ «ቲያ ሦስቴ ደጋግማ መጮኋ አሳዘነኝ። ጆሮዎ ዛሬ ባሰበት?»

አባቴ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ፣ «ጆሮዬ ደህና ነው» አለ። «በመጀመሪያው ሰምቻቸዋለሁ። ልጄ ደግማ ደጋግማ ትስማው ብዬ ነው።»